ፎቶው መሀል የቆመው ሰው፦ ማቲው ሄንሰን እና ያልተዘጋው የሰሜን ዋልታ ክርክር

በማኅበራዊ ሚዲያ እየጠፋ እየመጣ የሚዞር አንድ ጉርድ ፎቶ አለ። ከነቆቡ የተሰፋ ፀጉራም የቆዳ ልብስ የለበሰ ጥቁር ሰው ነው። ፀጉሩ ፊቱን ዙሪያውን ከቦታል። ሰውየው ካሜራውን ቀጥ ብሎ ያያል። ፈገግታ የለም። አንዳንዴ ፎቶው በኮምፒዩተር ቀለም ተቀብቶ ይመጣል። ከሥሩ የሚጻፈው ግን ብዙ ጊዜ ያው ነው፦ «ሰሜን ዋልታን መጀመሪያ የረገጠው ጥቁር ሰው ነበር፤ ታሪኩን ደበቁን።»

ይሄኔ ሰው በሦስት ይከፈላል። አንዱ በደስታ ያጋራዋል። ሌላው «ኧረ ሮበርት ፒሪ ነው፤ የተማርነው እሱን ነው» ይላል። ሦስተኛው ደግሞ «ሁለቱም አልደረሱም፤ ተረት ነው» ብሎ ይዘጋዋል።

ሰውየው ማቲው ሄንሰን ይባላል፤ ፒሪ ደግሞ ሄንሰን የነበረበትን ጉዞ የመራው አሜሪካዊ አሳሽ ነው። ሦስቱም ወገኖች የያዙት እውነት አለ። የሚያደናግረው ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች መቀላቀላቸው ነው። አንደኛው «በእርግጥ ዋልታው ላይ ደርሰዋል ወይ?» የሚል የልኬት ጥያቄ ነው። ሁለተኛው «ክብሩ ለማን ተሰጠ? ለምን?» የሚል ነው። የመጀመሪያው እስከ ዛሬ አልተዘጋም። ሁለተኛው ግን ከሞላ ጎደል ግልጽ ነው። ሁለቱንም ለመረዳት ፎቶዎቹን ቀረብ ብሎ ማየት ይጠቅማል። (ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

## ባርኔጣ ሱቅ ውስጥ የተጀመረ ታሪክ

ሄንሰን በ1866 አሜሪካ ውስጥ በሜሪላንድ ግዛት ተወለደ። የእርስ በርስ ጦርነቱ ካበቃ ገና አንድ ዓመቱ ነበር። ወላጆቹ ባሪያ ሳይሆኑ የተወለዱ፣ የሰው መሬት እያረሱ ምርቱን የሚካፈሉ ገበሬዎች ነበሩ። ልጅ ሳለ ወላጆቹን አጣ። ዋሽንግተን ሄዶ ምግብ ቤት ውስጥ ሳህን አጠበ። በ12 ዓመቱ ገደማ ወደ ባልቲሞር ወደብ ወርዶ ኬቲ ሃይንስ በምትባል መርከብ ላይ በተላላኪነት ተቀጠረ። ማንበብና መጻፍ ያስተማረው የመርከቧ ካፒቴን ነው። ቻይናንም ጃፓንንም ያየው በዚያች መርከብ ነው።

በ1887 ዋሽንግተን ውስጥ ባርኔጣና ፀጉራም ቆዳ የሚሸጥ ሱቅ ውስጥ ይሠራ ነበር። አንድ ቀን ሮበርት ፒሪ የሚባል የባሕር ኃይል መሐንዲስ ገባ። ፒሪ ለመርከብ ማለፊያ የሚሆን ቦይ ሊያጠና ወደ ኒካራጓ እየሄደ ነበር። የፈለገው ለሐሩር አገር የሚሆን የፀሐይ ቆብ ነበር ይባላል። የበረዶው ታሪክ የሚጀምረው ከፀሐይ ቆብ መሆኑ ትንሽ ፈገግ ያሰኛል። ፒሪ ሄንሰንን በአሽከርነት ቀጠረው።

ከ1891 ጀምሮ ሁለቱ ወደ ግሪንላንድ መመላለስ ያዙ። ለ18 ዓመታት ያህል ቀጠሉ። በእነዚህ ዓመታት «አሽከር» የሚለው ቃል ከሥራው ጋር መገናኘቱን አቆመ። ሄንሰን የሰሜን ግሪንላንድ ኢኑዊቶችን ቋንቋ አቀላጥፎ ተናገረ። ኢኑዊት ማለት በአርክቲክ የሚኖረው ነባር ሕዝብ ነው። ውሾች የሚጎትቱትን የበረዶ ጋሪ መንዳት ከእነሱ ተማረ። ጋሪውን ራሱ ይሠራል፤ ሲሰበርም እዚያው በረዶ ላይ ይጠግናል። አደን ይወጣል። ኢኑዊቶቹ «ማሪ ፓሉክ» አሉት፤ ደጉ ማቲው እንደማለት ነው።

ፒሪ ደግሞ በ1899 ብርዱ እግሩን በልቶት አብዛኞቹን የእግር ጣቶቹን አጣ። በመጨረሻው ጉዞ ዕድሜው 52 ነበር። ብዙውን መንገድ የሄደው ጋሪ ላይ ተቀምጦ ነው። ይህን ልብ በሉ፤ በኋላ ይመጣል።

## አምስት ሰዎች፣ አምስት ባንዲራዎች

በ1909 ማርች መጀመሪያ ላይ የፒሪ ቡድን ከካናዳ ሰሜናዊ ጫፍ፣ ከኬፕ ኮሎምቢያ ተነሳ። 24 ሰዎች፣ 19 ጋሪዎችና 133 ውሾች ነበሩ። እስከ ዋልታው 765 ኪሎ ሜትር ገደማ ይቀራል። መንገዱ በሙሉ የቀዘቀዘ ባሕር ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነበር። ሁሉም አብሮ ይነሳል። ከፊት ያሉት በረዶውን እየቆረጡ መንገድ ያወጣሉ። ምግብ ሲያልቅ አንዱ ቡድን የተረፈውን ለቀሪዎቹ ሰጥቶ ይመለሳል። ከዚያ ሌላው። መጨረሻ ላይ የሚቀረው ቡድን ጉልበቱን የቆጠበና ጥሩ ጥሩ ውሾች የተመረጡለት ይሆናል። የመርከቧ ካፒቴን ሮበርት ባርትሌት የተመለሰው ከሁሉም በኋላ ነው። ከዋልታው 246 ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀረው።

ከዚያ ስድስት ሰዎች ቀሩ። ፒሪ፣ ሄንሰንና አራት ኢኑዊቶች፦ ኡታ፣ ኢጊንግዋ፣ ሲግሉ እና ኡኬአ። በእኛ አቆጣጠር መጋቢት 28 ቀን 1901 ዓ.ም.፣ በእነሱ ኤፕሪል 6 ቀን 1909፣ ፒሪ «ደርሰናል» አለ።

ዝነኛው ፎቶ የተነሳው ያን ጊዜ ነው። የተቆለለ በረዶ ላይ አምስት ሰዎች ባንዲራ ይዘው ቆመዋል። መሀል ላይ ሄንሰን አለ። የያዘው የፒሪ ባለቤት ጆሴፊን የሰፋችውን የሐር ባንዲራ ነው። ፒሪ ከዚያ በፊት በየደረሰበት ከባንዲራው ቁራጭ እየቀደደ ይተው ስለነበር ጨርቁ የተጣጣፈ ነው። ሲግሉ የቀይ መስቀልን ይዟል። ኡታ የያዘው ደግሞ ፒሪ በወጣትነቱ አባል የነበረበትን የኮሌጅ ተማሪዎች ማኅበር ባንዲራ ነው። የግሪንላንድ አዳኝ የአሜሪካ ተማሪዎችን ባንዲራ ይዞ በውቅያኖስ ላይ ቆሟል። ፎቶው ማን ለማን እንደተነሳ ከዚህ በላይ የሚናገር ነገር የለም።

ስድስተኛው ሰው የለም። ካሜራውን የያዘው ፒሪ ነው። በቤተሰብ ፎቶ ላይ የሚረሳው ብዙ ጊዜ አንሺው ነው። እዚህ ተገላቢጦሽ ሆነ። ፎቶው ላይ የሌለው ሰው መጽሐፍ ውስጥ ገባ፤ ያሉት አምስቱ «ረዳቶች» ተባሉ።

## ዋልታው ላይ መቆምን ማን ያረጋግጣል?

ተራራ ጫፍ ላይ የወጣ ሰው ከዚያ በላይ መውጫ እንደሌለ ያያል። ሰሜን ዋልታ እንዲህ አይደለም። መሬት የለውም። ምልክት የለውም። ከበረዶው ሥር ከ4,000 ሜትር በላይ ጥልቀት ያለው ባሕር አለ። ፒሪ በረዶው ስንጥቅ ውስጥ 2,700 ሜትር ገደማ ሽቦ አውርዶ ወለሉን አላገኘውም። በረዶውም ራሱ ይንሳፈፋል። ዛሬ የተከልከው ባንዲራ ነገ ሌላ ቦታ ነው።

ኮምፓስም ብዙ አያግዝም። መርፌው የሚያሳየው መግነጢሳዊውን ዋልታ ነው፤ እሱ ደግሞ በዚያን ጊዜ ከእነ ፒሪ በስተደቡብ፣ ካናዳ ውስጥ ነበር። ስለዚህ የቀረው ፀሐይ ናት።

ፒሪ ያደረገው ይህን ነው። ትንሽ የእንጨት ገንዳ ውስጥ ሜርኩሪ አፈሰሰ። ሜርኩሪ ፈሳሽ ብረት ነው፤ ሲረጋ እንደ መስታወት ለጥ ይላል። ከዚያ በረዶው ላይ በሆዱ ተኛ። ሴክስታንት በሚባል መሣሪያ ፀሐይዋንና በሜርኩሪው ላይ ያለውን ነጸብራቋን አገናኝቶ ፀሐይዋ ከአድማስ ስንት ዲግሪ ከፍ እንዳለች አነበበ። በዚያ ብርድ፣ በቀላ ዓይን።

ስሌቱ መርሁ ቀላል ነው። ዋልታው ላይ በአንድ ቀን ውስጥ ፀሐይ አትወጣም፣ አትጠልቅም። በአንድ ከፍታ ላይ ዙሪያውን ትዞራለች። በዚያ ሰሞን ከፍታው 6 ዲግሪ ተኩል ገደማ ነው። አንድ ዲግሪ ብትስት 111 ኪሎ ሜትር ሳትክ ማለት ነው። ግማሽ ዲግሪ 55 ኪሎ ሜትር ነው።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ከባርትሌት መመለስ በኋላ የፒሪን ልኬት በራሱ መሣሪያ ለክቶ ሊመሰክር የሚችል ሌላ የሠለጠነ ሰው አልነበረም። መሣሪያውን ያነበበውም፣ የጻፈውም፣ የደመደመውም አንድ ሰው ነው። ቀጥ ብሎ ወደ ሰሜን ለመሄዱ ማረጋገጫ የሚሆን የኬንትሮስ ልኬት፣ ማለትም ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ ማፈንገጡን የሚያሳይ ልኬት፣ በመንገድ ላይ አልወሰደም።

## ፎቶ ሲዋሽ፦ የኩክ ጉዳይ

ፒሪ ወሬውን ይዞ ሳይመጣ ሌላ ሰው ቀደመው። ፍሬድሪክ ኩክ በ1891 የፒሪ የራሱ ቡድን ሐኪም የነበረ ሰው ነው። ሴፕቴምበር 1 ቀን 1909 «ዋልታው ላይ ከአንድ ዓመት በፊት ደርሻለሁ» ብሎ ቴሌግራም ላከ። ፒሪ የላከው ከአምስት ቀን በኋላ ነው። አንዱ ጋዜጣ ኩክን ያዘ፣ ሌላው ፒሪን። ጋዜጦቹ ለዚህ ወሬ ገንዘብ ከፍለው ስለነበር ገለልተኛ ዳኛ ሊሆኑ አይችሉም።

ኩክን የጣለው በከፊል ፎቶ ነው። በ1906 በሰሜን አሜሪካ ረጅሙን ተራራ፣ የአላስካውን ማኪንሊን ወጣሁ ብሎ ባንዲራ የያዘ ሰው ጫፍ ላይ የቆመበትን ፎቶ አሳትሞ ነበር። በ1910 ሌሎች ተራራ ወጪዎች ሄደው ቦታውን ፈለጉት። አገኙትም። ከእውነተኛው ጫፍ 30 ኪሎ ሜትር ያህል የራቀ፣ ከፍታው ብዙም የማይባል ትንሽ ጉብታ ነበር። የኮፐንሃገን ዩኒቨርሲቲም የኩክን የዋልታ ማስረጃ መርምሮ አልተቀበለውም።

የኩክ መውደቅ ፒሪን ያለ ብዙ ጥያቄ ከፍ አደረገው። ይህ የአስተሳሰብ ስህተት ነው፤ ዛሬም በየክርክሩ ይደገማል። አንዱ ዋሸ ማለት ሌላው እውነት ተናገረ ማለት አይደለም።

## ጥላን በሜትር መለካት

ጉዳዩ ለብዙ ዓመታት እንደተዘጋ ተቆጠረ። በ1988 ናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ራሱ ከፈተው። መጽሔቱን የሚያሳትመው ማኅበር ከፒሪ ደጋፊዎች አንዱ ስለነበር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ምርመራውን የጻፈው እንግሊዛዊው ዎሊ ኸርበርት ነው፤ እሱ በ1969 በውሾች እየተጎተተ ዋልታው ላይ የደረሰ ሰው ነው። የፒሪን ማስታወሻ ደብተር አገላበጠ። ዋልታው ላይ ነበርኩ ላለባቸው ቀናት ገጾቹ ባዶ ናቸው። «በመጨረሻ ዋልታው!» የሚለው ጽሑፍ ያለው በተነጠለ ወረቀት ላይ ነው። ኸርበርት ፒሪ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ሳይደርስ ቀርቷል ብሎ ገመተ። በ1909 የፒሪን ድል ያበሰረው ኒው ዮርክ ታይምስም ያኔ እርማት አወጣ። ለ79 ዓመት የዘገየ እርማት መሆኑ ነው።

በቀጣዩ ዓመት ተቃራኒው መጣ። ናቪጌሽን ፋውንዴሽን የሚባል የአቅጣጫ ባለሙያዎች ተቋም ፎቶዎቹን ያዘ። ዘዴው ደስ ይላል። ሰውየው ፎቶው ላይ ጥላ አለው። የጥላው ርዝመት የፀሐይዋን ከፍታ ይናገራል።

እስቲ በቁጥር እንየው። አዲስ አበባ ላይ በዚያው ቀን በስድስት ሰዓት ፀሐይ አናት ላይ ስለሆነች ጥላህ ከእግርህ ሥር አይወጣም። ዋልታው ላይ ግን 1 ሜትር ከ70 ቁመት ያለው ሰው ወደ 15 ሜትር የሚደርስ ጥላ ይጥላል። ፀሐይዋ 7 ዲግሪ ላይ ብትሆን 14 ሜትር ያህል ነው። 6 ዲግሪ ላይ ብትሆን 16 ሜትር። ሁለት ሜትር የጥላ ልዩነት 111 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። ተቋሙ በዚህ ዓይነት ስሌት ፒሪ ከዋልታው 8 ወይም 9 ኪሎ ሜትር ርቀት ውስጥ ነበር ብሎ ደመደመ።

ተቺዎቹ አልተቀበሉትም። በረዶ የአስፋልት ያህል ለጥ ያለ አይደለም፤ ትንሽ ተዳፋት ካለ ጥላው ይረዝማል ወይም ያጥራል። የካሜራው ሌንስ ዓይነት በትክክል መታወቅ አለበት። የጥላው ጠርዝ ደብዛዛ ነው። ፎቶው የተነሳበት ሰዓት የሚታወቀውም ከፒሪ ከራሱ ነው። በእኔ እይታ የተቺዎቹ ክርክር ይከብዳል። ዘዴው ትክክል ነው፤ ፎቶው ግን የሚጠበቅበትን ያህል ጥራት የለውም።

ሌላው ክርክር ፍጥነት ነው። ባርትሌት እስኪመለስ ድረስ ቡድኑ በአንድ ወር 520 ኪሎ ሜትር ገደማ ሄደ፤ ውኃ ተከፍቶባቸው የቆሙባቸውን ቀናት ጨምሮ። ባርትሌት ከተመለሰ በኋላ ግን በአምስት ጉዞ 246 ኪሎ ሜትር ሄድን አለ ፒሪ። በአንድ ጉዞ ወደ 50 ኪሎ ሜትር ነው። ምስክር ሲጠፋ ፍጥነት መጨመሩ ጥርጣሬ ማስነሳቱ አይገርምም። ደጋፊዎቹ «ጋሪው ቀሎ፣ ውሾቹ ተመርጠው፣ በረዶው ለስልሶ ነበር» ይላሉ። በ2005 እንግሊዛዊው ቶም ኤቨሪ በተመሳሳይ ጋሪና ውሾች ከዚያው ቦታ ተነስቶ 37 ቀን ባልሞላ ጊዜ ደረሰ። ይህ ጠቅላላው ጉዞ የሚቻል መሆኑን አሳየ። የመጨረሻዎቹን አምስት ጉዞዎች ፍጥነት ግን ኤቨሪም አልደገመውም።

እንግዲህ የመጀመሪያው ጥያቄ ያለው እዚህ ነው። አከራካሪ ያልሆነው የመጀመሪያ ጉዞ በ1926 በአየር የሄደው የኖርዌያዊው አሳሽ የአሙንድሰንና የጓደኞቹ ኖርጌ የምትባል የአየር መርከብ ነው። በበረዶ ላይ ደግሞ በ1968 በሞተር የሄደው የራልፍ ፕሌስቴድ ቡድን ነው።

ይህ ለሄንሰን ምን ማለት ነው? ፎቶውን የሚያጋራው ሰው የሚዘለው ነጥብ ይኸው ነው። ሄንሰን ከጉዞው በኋላ፣ ከፊት ሆኜ መንገድ ሳወጣ ዋልታውን አልፌው ሄጄ ነበር፤ መጀመሪያ የረገጥኩት እኔ ነኝ የሚል ነገር ለጋዜጠኛ ተናግሯል። ፒሪ ጋሪ ላይ፣ እሱ ከፊት ከነበሩ ሊሆን የሚችል ነገር ነው። ነገር ግን ማን ከፊት ነበር የሚለው ክርክር ትርጉም የሚኖረው ሁለቱም ከደረሱ ብቻ ነው። ፒሪ 60 ኪሎ ሜትር ከሳተ ሄንሰንም 60 ኪሎ ሜትር ስቷል። «ፒሪ ውሸታም ነው፣ የመጀመሪያው ግን ሄንሰን ነው» የሚለው አቋም ራሱን ያፈርሳል።

## ባርትሌት ለምን ተመለሰ?

ፒሪ የመጨረሻውን መንገድ ከባርትሌት ይልቅ ከሄንሰን ጋር ለምን መረጠ? ሁለት መልሶች አሉ፤ እርስ በርስ አይጣሉም።

አንደኛው የሙያ መልስ ነው። ከኢኑዊቶቹ በቀር ውሻና ጋሪ እንደ ሄንሰን የሚያውቅ አልነበረም። ቋንቋውንም እሱ ብቻ ነበር እንደ ልብ የሚናገረው። የጉዞው አባል የነበረው ዶናልድ ማክሚላንም ሄንሰን የተመረጠው ከነጮቹ ረዳቶች ሁሉ የተሻለ ስለነበር ነው ብሎ ጽፏል።

ሁለተኛው የክብር መልስ ነው። ባርትሌት ነጭ ካፒቴን ነው፤ ልኬት መውሰድም ይችላል። ቢደርስ ክብሩን ይካፈላል፤ ልኬቱንም ይፈትሻል። የዚያን ዘመን አሜሪካ ግን የጥቁር ሰውና የኢኑዊት ምስክርነት እንደ ምስክርነት አይቆጥርም ነበር። ፒሪ ራሱ በመጽሐፉ የሰጠው ምክንያት ደግሞ ሌላ ነው፦ ሄንሰን በዘሩ ምክንያት የነጮቹ ዓይነት ድፍረትና ራስን የመምራት ችሎታ ስለሌለው ያለ እኔ መልሼ ብልከው ለአደጋ ይጋለጣል ይላል። ይህን የጻፈው 18 ዓመት በሄንሰን ጋሪ ከሄደ በኋላ ነው።

የሚገርመው ውጤቱ ነው። ነጭ ምስክር አለመኖሩ መጀመሪያ ክብሩን ለፒሪ ብቻ አደረገው። በኋላ ደግሞ ያው ነገር የፒሪ ትልቁ ድክመት ሆነ።

## ሁለት ፎቶዎች፣ አንድ ዓይነት ልብስ

የፒሪም ዝነኛ ፎቶ በፀጉራም ቆዳ ነው። በትልቅ ጺሙ፣ ሮዝቬልት በምትባለው መርከቡ ላይ ቆሞ። የሄንሰን ጉርድም ያው ዓይነት ልብስ ነው። ልብሱን የሰፉት ደግሞ ኢኑዊት ሴቶች ናቸው። ቆዳውን በጥርሳቸው እያኘኩ አለስልሰው፣ በጅማት ሰፍተው። በየትኛውም የፎቶ መግለጫ ላይ ስማቸውን አታገኝም።

ፀጉራም ልብስ ለአሳሽ የሥራ ልብስ ብቻ አልነበረም፤ ገንዘብ ማግኛም ነበር። ጉዞው የሚካሄደው በሀብታሞች መዋጮ፣ በጋዜጣ ክፍያና በንግግር ትኬት ነው። ፒሪ በ1890ዎቹ ከከተማ ከተማ እየዞረ ሲናገር ሄንሰን ያንኑ የብርድ ልብስ ለብሶ ውሾቹን መድረክ ላይ ያወጣ ነበር። ሞቃት አዳራሽ ውስጥ። አንዱ ተናጋሪ፣ ሌላው ትርዒት። ጉርዱን ሳይ ይህ ትዝ ይለኛል። ልብሱ ያው ነው፤ እዚህ ግን ሰውየው ብቻውን ነው፣ ፊቱም ለራሱ ነው። በ1912 የራሱን መጽሐፍ አሳተመ። መቅድሙን የጻፈው ፒሪ ነው፤ መግቢያውን ደግሞ ዝነኛው ጥቁር መምህር ቡከር ቲ. ዋሽንግተን።

ከዚያ በኋላ የሁለቱ መንገድ ተለያየ። በ1911 የአሜሪካ ምክር ቤት ፒሪን አመሰገነ። የአድሚራል ማዕረግ ከጡረታ ጋር ተሰጠው። ሄንሰን በ1913 በፕሬዚዳንት ታፍት ትእዛዝ ኒው ዮርክ ጉምሩክ ውስጥ በተላላኪነት ተቀጠረ። በ12 ዓመቱ መርከብ ላይ የጀመረው በተላላኪነት ነበር። በ46 ዓመቱም ያው ሆነ። ጉምሩክ ውስጥ 23 ዓመት ሠራ። በየጊዜው የሚዞረው ፎቶ ግን ከጉምሩኩ ዘመን አይደለም።

## «ደበቁት» ወይስ «አሳነሱት»?

«ደበቁት» የሚለው ቃል ትክክል አይመስለኝም። ፎቶው ታትሟል። መጽሐፉ ወጥቷል። ስሙ በፒሪ መጽሐፍ ውስጥም አለ። የሆነው መደበቅ ሳይሆን ማሳነስ ነው። ሁሉም ሰው ያየዋል፤ እንደ አሳሽ ግን አይቆጥረውም። ለዚህ ሤራ አያስፈልግም ነበር። በፎቶው ግርጌ «አሽከር» ወይም «ረዳት» ብሎ መጻፍ በቂ ነው።

እውቅናው የመጣው በጠብታ ነው። የአሳሾች ክበብ በ1937 አባል አደረገው። ምክር ቤቱ በ1944 ለእሱና ለሌሎች የጉዞው አባላት ሜዳልያ ፈቀደ። በ1955 ኒው ዮርክ ውስጥ አረፈ፤ የተቀበረውም እዚያው ነው። በ1986 ከፒሪ ጋር ፖስታ ቴምብር ላይ ወጣ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ዋልታው ላይ ደረስን ባሉበት ዕለት፣ አጽሙ ወደ አርሊንግተን ብሔራዊ መቃብር ተዛውሮ ፒሪ አጠገብ አረፈ። ይህ የሆነው አለን ካውንተር የተባለ የሃርቫርድ ምሁር ባደረገው ውትወታ ነው። ይኸው ምሁር ግሪንላንድ ሄዶ ሁለቱ አሳሾች ከኢኑዊት ሴቶች የወለዷቸውን ልጆች አግኝቷል፤ ያኔ ሁለቱም 80 ዓመት ገደማ የሆናቸው ሽማግሌዎች ነበሩ። የመቃብር ድንጋዩ ላይ የነሐስ ምስል አለ። ያው ፀጉራም ቆብ፣ ያው ፊት። ፒሪ በሕይወት ሳለ በ1906 የተሸለመውን የናሽናል ጂኦግራፊክ ከፍተኛ ሜዳልያ ሄንሰን ያገኘው በ2000 ነው። ከሞተ 45 ዓመት በኋላ።

ክርክሩ ወዴት ያመራል? የልኬቱ ጥያቄ ይዘጋል ብዬ አልጠብቅም። በረዶው ከተንሳፈፈ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ባንዲራውን የሚያወጣ ቁፋሮ የለም። የቀሩት ማስታወሻ ደብተርና ፎቶ ናቸው፤ ሁለቱም ተመርምረዋል። ስለዚህ ጠንቃቃ ጸሐፊዎች «ደረሰ» ከማለት «ደርሻለሁ አለ» ወደማለት ዞረዋል። የሄንሰን ቦታ ግን በዚህ አይናወጥም። ቋንቋው፣ ጋሪው፣ 18ቱ ዓመታትና ስድስቱንም በሕይወት ይዞ መመለሱ የፀሐይ ልኬት አይጠይቁም። አራቱ ኢኑዊቶች ደግሞ ገና ተራቸው አልደረሰም። በማኅበራዊ ሚዲያ የሚዞረው ጉርድ ፎቶ ላይ እነሱ የሉም።

በሴፕቴምበር 2021 ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት ጨረቃ ላይ ያለ አንድ ጉድጓድ በሄንሰን ስም ሰይሟል። ቦታው የጨረቃ ደቡብ ዋልታ አጠገብ ነው፤ አሜሪካ በአርቴምስ ፕሮግራሟ ሰዎችን ልታሳርፍ ካሰበችበት አካባቢ። በፒሪ ስም የተሰየመ ጉድጓድም ጨረቃ ላይ አለ፤ እሱ ያለው ሰሜን ዋልታው ጋ ነው። ሁለቱ በሁለት ጫፍ ማለት ነው። ሄንሰን ጉድጓድ ባለበት አካባቢ ፀሐይ ከአድማስ ከጥቂት ዲግሪ በላይ ከፍ አትልም። እዚያ የሚነሳ ፎቶ ላይም ጥላው ረጅም ይሆናል።